የጆንያው ጀርባ አይመዘንም

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃውን መውጣት ቻለልሽ? ክኒንሽንስ ሰዓቱን ጠብቀሽ ትውጫለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬማ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ከደስታዬ ብዛት እህል አልወርድ ብሎኛል።

በስልክ “ላብራቶሪ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?” ስትዪኝ “ብልቃጥ አጥባለሁ” እያልኩ ስቀልድብሽ ኖሬያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ የምሠራው አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በክኒን ጸጥ ለጥ አድርገሽ በያዝሽው ቫይረስ ላይ ነው። ሰውነታችን እሱን የሚዋጋ ፕሮቲን አለው፤ አንቺም አለሽ። ቫይረሱ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው ሊሄድ ሲል የመራቢያ መመሪያው ያለበትን ክር ጠቅልሎ ይጭናል። ፕሮቲኑ ታዲያ ክሩን ሙጭጭ ብሎ ይዞ አብሮ ይጫናል። እዚያኛው ሕዋስ ሲደርሱ ቫይረሱ ራሱን ሊገለብጥ ይነሳል፣ ፕሮቲኑ ጽሑፉን ያበላሽበታል። ቫይረሱም ቂል አይደለም፣ ፕሮቲኑን ሳይሳፈር የሚያስጠፋበት ዘዴ አለው። እኔ ይህ ዘዴ እንዳይኖረው የተደረገ ቫይረስ ይዤ፣ ፕሮቲኑን እየቆራረጥኩ፣ ለመጫን የሚበቃው የትኛው ቁራጭ እንደሆነ እፈልጋለሁ።

ባለፈው ወር አገኘሁት ብዬ እየበረርኩ ሄድኩ። አለቃችን፣ ፊታቸው በቀላሉ የማይፈታ ሴትዮ፣ የውጤቱን ወረቀት አይተው በሰው ፊት “ቁራጩ ቫይረሱ ውስጥ ሳይሆን ከላዩ ተለጥፎ ቢሆንስ?” አሉኝ። በሁለት ሳምንት ካላረጋገጥኩ ሥራው እንደሚዘጋ ነገሩኝ።

አውቶቡስ ውስጥ እንባዬን እየዋጥኩ ሳለ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ተማሪ ሆኜ እህል ወደምትመዝኚበት መጋዘን ላግዝሽ ስመጣ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈውን አቧራ ሳላራግፍ ጆንያ ሚዛን ላይ ካወጣሁ “የጆንያው ጀርባ አይመዘንም!” ብለሽ ታስወርጂኝ ነበር። ነጋዴዎቹ “ሚዛኗ” ይሉሽ ነበር። እኔን “የሚዛኗ ልጅ” ሲሉኝ ግን አፍሬ በጓሮ እዞር ነበር። ይቅር በዪኝ።

ከውጭ የተለጠፈ ፕሮቲንን የሚበላ ፈሳሽ አለ፤ የቫይረሱን ሽፋን አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም። ቫይረሶቹን በሱ አራገፍኳቸው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ሦስቴም ቁራጩ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት! ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ “ይህን ማን አስተማረሽ?” አሉኝ። “እናቴ፤ መጋዘን ውስጥ እህል መዛኝ ናት” አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ስለ ክኒኑ አልተነፈስኩም፣ እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው። አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ “የጆንያው ጀርባ አይመዘንም” ይላል።

ይህ መድኃኒት አይደለም እማዬ፣ ገና ብዙ ይቀረዋል። ክኒንሽን አንድ ቀን እንኳ እንዳታስቀሪ። ስትውጪ ግን ጎረቤት አየኝ ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አታዙሪ። እኔ ኮርቼብሻለሁ።

አባባን በእኔ ፈንታ ጉልበቱን ስመሽ ሰላም በዪልኝ፤ ሬዲዮውን ቀነስ ያድርግ። ለወንድሜ ናፍቆቴን፣ ለዚያች ለፍላፊ አክስቴ ሳቄን አድርሺልኝ።

ይህን የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ፣
የሚዛኗ ልጅ

ከላብራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ፣ ኅዳር ፱ ቀን