ሽማግሌ የተላከበት ኦዲት

ማክሰኞ

አልተቀመጡም። ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኔ መሃል ቆመው «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉኝ። ከፊት ያሉት ጋሽ ሞገስ ናቸው፤ የአባቴ ጓደኛ፣ አባቴ ከሞተ በኋላ አባት ሆነው የዳሩኝ።

ልመናቸው አንድ ነው። ሐሙስ የወረዳው ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ እኔ አባል በሆንሁበት ምክር ቤት ቀርቦ ስለ ኦዲት ግኝቱ ይጠየቃል። ተገዝቶ ሥራ ስላልጀመረው የኦክስጅን ማምረቻ ጥያቄ የማቀርበው እኔ ነኝ፤ ቋሚ ኮሚቴው ለእኔ ሰጥቶኛል። እንዳላነሣው ነው የሚለምኑኝ።

«የልጆች አባት ነው፤ የማይሳሳት ማን አለ ልጄ?» አሉ ጋሽ ሞገስ። አሁንም አልተቀመጡም። እሺ አልሁ። ተቀመጡና መረቁኝ። ምርቃት እንዲህ መርሮኝ አያውቅም።

ለጋብቻ፣ ለዕርቅ፣ ለደም ሽማግሌ ሲላክ አውቃለሁ። ለኦዲትም ይላካል እንዴ?

ረቡዕ

እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ለመስክ ምልከታ ሄደን ያየነው ከዐይኔ አይጠፋም፦ ሒሳቡ ተከፍሎ ያለቀ ማሽን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ በሸራ ተሸፍኖ፣ ዶሮዎች ሰፍረውበት። አዋላጇ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ «ሕፃን ሲታፈንብን ወደ ባሕር ዳር እንልካለን፤ መንገድ ላይ የሚቀረው ይቀራል» ብላኛለች።

ቃሌን ባጥፍ ጋሽ ሞገስን አዋርዳለሁ። ብጠብቅ እነዚያን ሕፃናት እከዳለሁ። ከቢሮ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ተቀመጥሁ፤ የዘጌ ጀልባ ሞልታ ስትነሣ አየሁ፣ መላ ግን አልመጣልኝም። ማታ ወጡን አሳረርሁት። ልጆቼ ሲስቁ ጮኽሁባቸው። ምን አደረጉኝ እነሱ?

ሐሙስ

ተራዬ ደረሰ። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ወረቀቴን አገላበጥሁ። ሰብሳቢው «ይቀጥሉ እንጂ» አሉኝ።

ያላሰብሁት ከአፌ ወጣ። «ሽማግሌ ተልኮብኛል። እንዳልጠይቅ ቃል ገብቻለሁ። ጥያቄውን ለሌላ አባል ይስጡልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ። አጠገቤ ያለው ጀማል፣ የጀልባ ሠሪዎች ልጅ፣ ቀልድ የማያጣው፣ እጁን አወጣ። «እኔም ቤት መጥተው ነበር። እኔም እሺ ብያለሁ» አለ፤ አልሳቀም። ከኋላ ሌላ እጅ ወጣ። ሌላም።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ቤት መጥተዋል» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ ጥያቄውን የምሰጠው ሰው አጣሁ። ቃሌን የማፈርሰው እኔ ልሁን።» ጥያቄውን ራሳቸው ጠየቁ።

መልሱ? ማሽኑ የራሱ ቤት እንደሚያስፈልገው ያወቁት ከገዙት በኋላ ነው። ቤቱን ማን ይሥራ ሲባባሉ ከረሙ። ኮሚቴው ቤቱ በአስቸኳይ እንዲሠራ፣ ግዢውም እንዲጣራ ወሰነ። ወጥቼ አለቀስሁ፤ ደስታ ይሁን እፍረት እንጃ።

ቅዳሜ

ጋሽ ሞገስ ደወሉ።

«ስሜን ጠራሽው?»

«አልጠራሁም።»

«ያ ማሽን የሕፃናት መተንፈሻ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሰውዬው ለእኛ የወረቀት ጉድለት ነው ብሎን ነበር» አሉ። ከዚያ «ለጊዜው ቤቴ አትምጪ» ብለው ዘጉት።

ተቀይመውኝ ይሁን በራሳቸው አፍረው፣ ከድምፃቸው መለየት አልቻልሁም። ነገ ግን እሄዳለሁ። ከበር ቢመልሱኝም እሄዳለሁ።