የሰርዲን ቆርቆሮው አለት

ውድ ጠጠሬ፣

ደብዳቤውን ከመቅደድሽ በፊት አብሮት የመጣውን ጥቅል አንሺው። ከበደሽ? እንግዲያው አንብቢ። ፖስተኛው ራሱ «አባቴ፣ ጡብ ነው እንዴ የሚልኩት?» ብሎኛል።

ስትሄጂ የአለት ሣጥንሽን ረስተሻል። ወይም ትተሽዋል፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የቀዘቀዘው ጥቁር፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ድንጋይ አለ። እብነ በረዱም አለ፤ ሳይቀልጥ በሙቀትና በጫና ብዛት መልኩን የለወጠው፣ እንደ እኔ እንደ አያትሽ ፊት። የደለል አለቱ ቦታ ግን ባዶ ነው።

ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። «ለትምህርት ቤት የደለል አለት አጣሁ» ብለሽ ስታለቅሺ፣ አርባ ዓመት በግንበኝነት የኖርኩትን ሰውዬ እጄን በላኝ። አሸዋ፣ ሲሚንቶና የወንዝ ጠጠር ለውሼ ሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጥኩ። ሲደርቅ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት፣ ጭቃ ቀባሁት። «ከጥንት ወንዝ የመጣ ነው» ብዬ ሰጠሁሽ። ማታ ነግሬሽ አብረን ልንስቅ ነበር። አንቺ ግን ስሙን ጽፈሽ ለጥፈሽበት ወደ ክፍል ሮጥሽ።

ግንበኛ የሚያሳምረው ፊቱን ነው፤ ጀርባውን ማን ያያል? መምህርሽ አየች። ብትገለብጠው የሰርዲን ቆርቆሮው ወለል ላይ የተቀረጸው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ታትሞበታል። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ቤት ገብተሽ ቆሻሻ ውስጥ ወረወርሽው እንጂ አልጮኽሽብኝም። «አባባ፣ እኔ እኮ ያልከኝን ሁሉ አምን ነበር» ብቻ አልሽ። በሳምንቱ አባትሽ በሥራ ተዛወረና ጉንጬን ሳትስሚ መኪና ውስጥ ገባሽ።

አባትሽ ሲደውል ከኋላው እሰማሻለሁ።

«ነይ አያትሽን ሰላም በይ!»

«እያጠናሁ ነው በለው።»

«ተዋት፣ ትማር» እላለሁ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ከግድግዳው ጋር እፋጠጣለሁ። በገዛ እጄ የገነባሁት ግድግዳ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ በቀልዴ አልሳቀልኝም።

የተውሽው ደብተር ላይ እንዲህ ብለሻል፦ «ደለል በንብርብር ይከማቻል፤ የላዩ የታቹን ይጫናል፤ ዘመን ሲረዝም ይደነድናል።» ዝምታም እንደዚያው ነው ጠጠሬ። ሳይደነድን ልድረስበት ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ሦስት ቀን ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጉልበቴ ያልሰደበኝ ስድብ የለም። በሦስተኛው ቀን ጥቅሉ ውስጥ ያለውን እውነተኛ የደለል አለት አገኘሁት፦ ድቡልቡል ጠጠሮች፣ መሀላቸውን አሸዋ ሞልቶት፣ ውሃው ባመጣው ማዕድን ተጣብቀው የደነደኑ። ዕድሜው ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ ግን ይበልጣል።

እኔን ማመን የለብሽም። ለአዲሷ መምህርሽ ስጪያት፣ በመዶሻ ትምታው፣ በምስማር ትጫረው። አንቺ ግን አስቀድመሽ ገልብጪው። እኔ ስገለባብጠው ነው የሰነበትኩት፤ ምንም አልታተመበትም።

ሣጥኑን አልላክሁትም። ባዶውን ቦታ ለክቼዋለሁ፣ ድንጋዩ ልክክ ይላል። ራስሽ ይዘሽ ነይና ክተቺው።

አባባሽ፣
ፊቱን ብቻ የሚያሳምረው ግንበኛ