ከበሮ የሚያርፍበት ጎኔ

ለልጄ ለዓይናለም፣ ጅማ። እንደ ጉና ጤዛ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ገብሱ ሰምሯል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ጎኔ ላይ ያለችውን እብጠት ታውቂያታለሽ። በማኅሌት ከበሮ ስመታ እየቆረቆረችኝ፣ የረጋ ደም መስላኝ አጋሚ ጠርቼ ዋግምት ታገምሁባት። እናትሽ ተው ብላኝ ነበር። ምላጩ ሲነካት ደሙ አልቆም አለና ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ፣ «የኔታ፣ ካንሰር አይደለም። የደም ሥሮች ጎድንዎ ላይ ተጠላልፈው የሠሩት ዕጢ ነው፤ እምብዛም አያጋጥመንም። ሁለተኛ ምላጭ እንዳያስነኩት» አለኝ። ባሕር ዳር በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከበሮውን ለተማሪዬ ለደሳለኝ አስረክቤዋለሁ፤ እሱም ይልመድ።

ለመሆኑ የደምሽ ዓይነት ምንድን ነው? ዕጢውን ሲያወጡት ብዙ ደም ስለሚፈስ ከዘመድ ደም ይዘጋጅ ብለዋል። የወንድምሽ የአስናቀ ከእኔ ጋር አልገጠመም፤ የእናትሽም እንዲሁ። በስልክ ሲያወሩት ነገር ስለሚገዝፍ ነው የጻፍሁልሽ።

ሥራሽን ትተሽ እንዳትመጪ። ቀጠሮው ኅዳር አሥራ አራት ነው፤ ከጅማ መኪናው ሁለት ቀን ይፈጃል አሉ።

ጸሎቴ አይለይሽ።

አባትሽ መሪጌታ ይሻው፣ ከደብረ ታቦር