ሁለቱም ጁስ ይባላሉ

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ከመቆም ብዛት ያመኛል ያልሽው ወገብሽ ተሻለሽ? ምግብስ ይበላልሻል? እኛ ካንቺ ናፍቆትና ከምታውቂው ሐዘን በቀር ደህና ነን። ትንሿ እህታችን ጢኒጥ ካረፈች አምስት ሳምንት ሆናት።

ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። ማክሰኞ ዕለት የሳይንስ አስተማሪያችን ሁለት ብርጭቆ ይዞ ገባ። በአንዱ የቀይ ሥርና የካሮት ጭማቂ፣ በሌላው በውሃ የተበጠበጠ ቀይ የስኳር ሽሮፕ ነበር። ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው። የትኛው ይሻላል ሲለን ከኋላዬ ያለው ቀልደኛ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ይቀመሱና» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። አስተማሪው ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለ። በጭማቂው በኩል ፖታሲየም፣ ፎሌት፣ ከካሮቱ የሚገኝ ቫይታሚን ኤ፣ ጥቂት ብረት፣ የራሱ ስኳርም ጭምር እያለ ወደ ታች ወረደ። በሽሮፑ በኩል «ስኳር» ብሎ ጻፈና ጠመኔውን አስቀመጠ። ቀለሙስ ብንለው ለዓይን ነው እንጂ ለደም አይሆንም አለን። ያን ከአንድ ቃል በታች ባዶ የቀረ ሰሌዳ እያየሁ ደብተሬን ዘጋሁ።

ለምን መሰለሽ፣ ጢኒጥን ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነበርኩ፤ እማዬ ከስፌት ፋብሪካው መቅረት አልቻለችም። ሲስተር መድኃኒቱን ሰጥታኝ፣ «ደሟ አንሷል፤ ቀዩን ጁስ በቀን ሁለት ጊዜ አጠጣት» አለችኝ። እኛ ቤት ደግሞ ጁስ የምንለው የቱን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺን ወደ ሰው አገር ስንሸኝ የተረፉት ሁለት የሽሮፕ ጠርሙሶች ቁም ሳጥኑ ላይ ነበሩ። ዐሥራ አንድ ቀን እየበጠበጥኩ በማንኪያ አጠጣኋት። እማዬም ሲስተር ያዘዘችው ነው ስላት አመነችኝ። ከንፈሯ ሲቀላ ደም የገባላት ይመስለኝ ነበር።

ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ሲስተር ጋ ሄድኩ። የቀይ ሥሩን ነበር እኮ ያልኩህ አለችኝ። ሳለቅስ እጄን ይዛ፣ የወሰዳት በሽታው ነው፣ ጁሱ አያድናትም ነበር አለች። ከዚያ፣ መዋሸት አልሆንላት ብሎ ይመስለኛል፣ «ትንሽ ጉልበት ግን ይሰጣት ነበር» አለች። እታለም፣ ይቺ «ትንሽ» የምትባል ቃል አብራኝ ትሄዳለች። በጠራራ ፀሐይ፣ መኪና በሚጮህበት መንገድ ላይ፣ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ እሰማለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ «ጁሴስ?» የምትለኝ ይመስለኛል፤ መጣሁ ልላት አፌን ከፍቼ አውቃለሁ።

እማዬ ሊጠይቃት ለሚመጣ ሁሉ፣ ወንድሟ ነው በእጁ ያጠጣት፣ አንድ ቀን አላስታጎለባትም ትላለች። ጎረቤቶቹ ይመርቁኛል፤ እኔ አሜን ሳልል ሲኒ ልሰበስብ እነሳለሁ። አሁንም አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ምንም ሳይጎድልባት ነው የሄደችው ብለህ ጻፍላት» አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩልሽ። ፊደል ስለማታውቅ ከላይ ያለውን አላነበበችም።

ላስጨንቅሽ አልፈለግኩም፤ ብቻዬን ግን አልቻልኩም። ለእማዬ እውነቱን ልንገራት ብዬ ስንት ጊዜ ፊቷ ቆሜ ውሃ ልቅዳልሽ ወይ ብያት ተመልሻለሁ። የምትልኪውን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነኝ። የመሰለሽን ጻፊ። አንዲት ቃል ሳልለውጥ፣ እንዳለ፣ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

እማዬ ጉንጭሽን ትስማለች። አባባ ጉልበቱን ቢያመውም ደህና ነው፤ ራስሽን ጠብቂ ብሎሻል። አክስታችን መኝታሽ ላይ እየተኛች ነው፤ ስትመጣ እለቅላታለሁ በላት ብላ ስቃለች። እዚህ ጋ የተሰረዘው ስም የጢኒጥ ነው፤ እጄ ሰላምታዋን መጻፍ ለምዶ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ
ከቤታችን፣ ሰኔ 9 ቀን