የእንሽርት ውሃዬ እና ጀሪካኑ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሰብለወንጌል፤

እንደምን ከርመሻል? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ዘካርያስና ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኔም «ደኅና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ አንቺን መዋሸት ግን አልሆነልኝም። በስልክ እንዳልነግርሽ ባሌ ወዬሳ ከአጠገቤ አይለይም፤ ደብዳቤውን ወደ ጅቡቲ ለሚመላለሰው ለጎረቤታችን ለሾፌሩ ለፈዬራ ሰጥቼልሻለሁ።

እትዬ፣ አርግዣለሁ፤ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ልጃችን ሜቲ የሞተችብን በዘር በሚመጣ በሽታ ስለሆነ፣ ይኼኛውም እንዳለበትና እንደሌለበት ለማወቅ ከእንሽርት ውሃው በመርፌ ተቀድቶ ይመርመር ተባለ። እዚህ አዳማ ያለው ሐኪም በአልትራሳውንድ አይቶ ሆድ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግና፣ መሣሪያውን አስቀምጦ ይወጋል። አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ መሣሪያውን ከሆድ ሳታነሳ፣ መርፌው የት እንደደረሰ በስክሪኑ እያየች ትቀዳለች። ወዬሳ ሳምንት ሙሉ ሲጠያይቅ ከርሞ «እያየች የምትወጋዋ ትሻላለች» አለና አዲስ አበባ ድረስ ወሰደኝ። መርፌው ከልጄ እጅ ርቆ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ሐኪሟ ጨርሳ፣ ለጥቂት ቀን ከባድ ነገር እንዳላነሳ አስጠነቀቀችኝ።

በማግስቱ የጎረቤታችን የእማማ አሰለፈች ባል ዐረፉ። ውሃ ማመላለሱ ለእኛ ለእድሩ ሴቶች ደረሰ። እኔ ደግሞ የሰው ዓይን ፈርቼ ማርገዜን ለማንም አልተናገርኩም፤ በሜቲ ጊዜ አስቀድሜ አውርቼ የሆነውን ታውቂያለሽ። «አልችልም» ብል ምክንያቴ ምን ሊሆን ነው? ከቦኖው እስከ ድንኳኑ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሁለቴ ተሸከምኩ። ከሰዓት በኋላ ልብሴ ረጠበ።

ይኸው ከተኛሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ውሃው ቆመ ስል ይመጣል። ሐኪሟ ቀዳዳው ራሱ ሊደፈን ይችላል፣ ላይደፈንም ይችላል፣ ተኝተሽ ጠብቂ አለችኝ። ወዬሳ «መርፌዋ ናት!» እያለ ይረግማታል። ሴትዮዋ ስትሰደብ እየሰማሁ ዝም እላለሁ። መርፌው ይሁን ጀሪካኑ እኔም አላውቅም፤ ስለ ጀሪካኑ ግን ያን ቀን ሥራ ስለዋለ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ልንገረው ወይስ ልተወው? ጨነቀኝ እኮ።

ዛሬ ጠዋት ውጤቱ መጣ። በሽታው የለበትም። ወንድ ነው። ወዬሳ ግንባሬን ስሞኝ አለቀሰ። እኔ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ፣ ልብሴ እንደረጠበ ተኝቻለሁ። ጤነኛ ልጅ ነው እትዬ፤ እኔ ማቆያ መላ አጣሁለት።

ዘካርያስን በብዙ ሰላም በይልኝ። ሶፊን አክስትሽ ናፍቃሻለች በያት፤ ጉንጯን ሳሚልኝ። ገርባንም ሳሚልኝ፤ አብሮኝ ኳስ የሚጫወት ወንድ ልጅ ውለጂልኝ ሲለኝ ነበር። ለእሱ ገና ምንም አትንገሪው።

እህትሽ ዘርፉ
አዳማ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.