ምድጃው አጠገብ የለካሁት ሙቀት

ይድረስ ለእታለም፤ ናፍቆትሽ ከምሸከመው የዱቄት ከረጢት ይከብዳል፤ እኔ ግን በጣም ደህና ነኝ።

ዳቦ ቤቱ ገበያው ደርቷል። እጮኛዬም ዳቦ ማመላለሻውን መኪና ለብቻው መንዳት ጀምሯል። «ገና አሥራ ስምንት ዓመትሽ ነው፤ የወር አበባሽ አልተስተካከለም፤ በተፈጥሮ መከላከያ ብቻ አትተማመኚ» ብለሽኝ ነበር። እናንተ ነርሶች ስታካብዱ! ለምኜሽ የላክሽልኝ ቴርሞሜትር ከኪሴ አይጠፋም። የሰውነቴን ሙቀት ከአልጋ ሳልነሳ እንድለካ ብትነግሪኝም ጠዋት ስለሚረፍድብኝ፣ የምለካው ዳቦ ቤት ገብቼ ምድጃውን ካቀጣጠልኩ በኋላ ነው። ሙቀት ያው ሙቀት ነው። ደግሞ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ነው የማገኘው፤ ከፍ ካለ እርግዝና የሚያሰጋበት ጊዜ አልፏል ብለሽኝ የለ? እጮኛዬንም «አታስብ፣ እኔ አውቃለሁ» እለዋለሁ።

ሌላው ወሬ፣ የእርሾው ሽታ አላስቀርብ ስላለኝ አለቃዬ ወደ መሸጫው አዛውራኛለች። እሷ አራት ልጆች ወልዳለች፤ ሰሞኑን ሆዴን ሆዴን ታየኛለች። ሽርጤንም አላልቼ ማሰር ጀምሬያለሁ፤ ዳቦ አብዝቼ ይሆናል።

የዓመት ፈቃድሽን ቀደም አድርገሽ ብትመጪ ምን ይመስልሻል? እንዲሁ ናፍቀሽኝ ነው። ለእማዬ ግን እኔ እንደጠራሁሽ አትንገሪያት።

እስክንተያይ ክፉ አይንካሽ። ቴርሞሜትሩን ስትመጪ ትወስጂዋለሽ፤ ለጊዜው አያስፈልገኝም።

ታናሽሽ