የበቅሎዎቹን ጋጣ ለሸሪፋ ስለ ሰጡበት ደግነት

ለተከበሩ ለባላምባራስ ደምመላሽ፣ ደሴ ላይ ለምንከራየው ባለ ፎቅ ቤት ጌታ፤

ጌታዬ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ ደረጃ ሲወጡ የሚያስቸግርዎ ሳል ተሻለዎት? እኔ ደኅና ነኝ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ሞላልኝ ናቸው፤ "እመይቴ፣ ይህንንስ አልጽፍም" እያሉ ሁለቴ ብዕራቸውን አስቀምጠውብኛል። ደብዳቤውን በግቢው በር ላይ የማስለጥፈውም ተከራዩ ሁሉ ደግነትዎን ሰምቶ እንዲመርቅዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ሳቅዎ አመሰግናለሁ። ጣሊያን መንገዱን ጠርጎ ካሚዮን ከኮምቦልቻ ሽቅብ መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ በቅሎ ይዞ የሚያድር ነጋዴ ቀርቶ፣ ከፎቁ ሥር ያለው ጋጣ ሁለት ክረምት ሙሉ አይጥ ሲፈነጭበት ከረመ። "ባላምባራስ፣ ይህን እንጥረገውና ድርቆሽ አንጥፈን ከደሴ ዙሪያ ሽንኩርት ይዘው ለሰኞ ገበያ የሚመጡትን ሴቶች እናሳድርበት፤ ለርስዎ ኪራይ፣ ለኔም ቀለብ ይወጣዋል" ያልኩዎት እኔ ነበርኩ። እርስዎ ግን "በቅሎ የሸናበት ላይ ማን ይተኛል?" ብለው ሆድዎን ይዘው ሳቁ። ይኸው ጎረቤቴ ሸሪፋ አስተኛችበት።

ሁለተኛ፤ ስለ አሰጣጥዎ። እኔ ሞኟ በደረቅ ቃል ለመንኩዎት። ሸሪፋ ግን ጸጉሯን ሳበጥርላት ሐሳቤን ከአፌ ለቅማ፣ ዱአ አስቀመጠች፤ ጫቱን አቅርባ፣ ሼኹን ጠርታ፣ እርስዎን ከፍ ያለው መደብ ላይ ሰየመችዎት። ሼኹም "ያ ረቢ፣ ያሰበችውን ሙላላት!" ሲሉ፣ እርስዎ ክርስቲያኑ ባላምባራስ "አሚን!" አሉ። በሰው ፊት አሚን ያለ ሰው እንግዲህ ምን ብሎ ይከለክላል? በማግስቱ ቁልፉ እጇ ገባ። የሚያንገበግበኝ ግን ከርስዎ በላይ ጮኼ አሚን ያልኩት እኔ መሆኔ ነው። ያሰበችው የኔን ሐሳብ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ሦስተኛ፤ ስለ ሸሪፋ ሲሳይ አንድ ቃል አልናገርም። አዲሱን ሻሿን አላየሁም፤ አረንጓዴ ነው፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ። ደጇ የሚያቆሙት የካሚዮን ሾፌሮች "እናታችን" ሲሏትም አልሰማሁም፤ ግድግዳው ስስ ነው እንጂ።

የኔ ነገር ሴቶቹ ናቸው። ገበያነሽና ጓደኞቿ ያገሬ ልጆች ናቸው። ድሮ እሑድ ወደ ማታ ሽንኩርታቸውን እኔ በር ላይ አውርደው፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ላም ገደል ገባች፣ ሁሉን ሳይነግሩኝ በረንዳው ላይ ጋደም አይሉም ነበር። ዛሬ "እንዴት ዋሉ እመይቴ" ብለውኝ ሳይቆሙ ወደ ጋጣው ይገባሉ። ሞቋቸዋል፤ ደግ፣ ይሙቃቸው። ሳቃቸው ግን በግድግዳው በኩል ይመጣብኛል። የእኅቴ ልጅ መውለዷን የሰማሁት ከማን ይመስልዎታል? ከሸሪፋ! እልል አልኩላት፤ ምን ላድርግ።

አራተኛ፤ ጋጣውን ንጠቋት አልልም። ሦስት ቀን ሙሉ በልቤ "ንጠቋት" ስል ከርሜ፣ ከዚያ ትቼዋለሁ። ከጋጣው መግቢያ ድርቆሽ የሚከመርባት ጥግ ግን ባዶ ናት። ለኔ በርጩማ ትበቃለች፤ እሷን ይስጡኝ። ያገሬ ሰው ሲገባ በኔ በኩል ይለፍ፤ ወሬው መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይውረድ።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ሳልዎን ያሳጥረው፤ ሐሳብ ሲያልቅብዎ ያለ ዱአ የምትለግስዎ፣ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳ ተከራይዎ

ወርቅአፈራሁ

መሪጌታ ሊሄዱ ሲነሱ ትዝ ያለኝ፦ ባዶ ቦታ መሥራት እንዳለበት ከርስዎ ተምሬ፣ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ለቆዳ ነጋዴው ለአብዱልወሀብ አከራይቼዋለሁ። ትናንት ጨው ያልነካው አርባ የፍየል ቆዳ አስገባ። እኔስ የኅዳር በሽታ ከያዘኝ ወዲህ አፍንጫዬ ምንም አይሸትተው። የኔ ጣራ ግን የርስዎ መኝታ ቤት ወለል ነው፤ ሳንቃውም ክፍት ክፍት ነው። መልስዎን ረጋ ብለው ያስቡበት፤ ቆዳው እንደሆነ አይቸኩልም።